ሁለት ቋጠሮ

ወረቀት በትነሻል ተብዬ የተያዝኩት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። የታሰርኩበትን ክፍል ያየሁት በሩ ከኋላዬ ተዘግቶ፣ ዓይኔ የታሰረበትን ጨርቅ ራሴ ስፈታ ነው። ዘጠኝ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከጣሪያው ሥር ባለች ቀዳዳ የገባች፣ መዳፍ የምታህል ብርሃን አንዷ ጉልበት ላይ አርፋለች።

መሐል የተቀመጡት አሮጊት አንዲት ዳቦ ሊቆርሱ ነበር።

«ነይ ልጄ፤ ማርያምን ልናከብር ስንል ደረስሽ።»

«ማርያም ከነገ ወዲያ ናት» አልኩ፤ አመለጠኝ።

እጃቸው ቆመ። «ዛሬ ስንት ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ። ጧት ሲይዙኝ ሰዎች ከገብርኤል ይመለሱ ነበር።»

ከነጠላቸው ጥለት የመዘዙትን ክር ከጉያቸው አወጡ። በየጧቱ አንድ ቋጠሮ ይቋጥሩበታል፤ ሴቶቹ የልጆቻቸውን ልደት የሚያስቡት በዚያ ክር ነው።

«ተዋት እማማ፤ ገና ዛሬ የገባች ምን ታውቃለች?» አለች አንዷ።

«ገና ዛሬ የገባች አይደል የምታውቀው። ያኔ ትኩሳት ይዞኝ፣ በነቃሁ ቁጥር ቋጥሬ ይሆናል።»

ሁለት ቋጠሮ በጥፍራቸው ፈቱ። ብርሃኗ ከጉልበት ወደ ግድግዳ እስክትወጣ ድረስ ፈጀባቸው።

«ሁለት ቀን ጨመረችብን» አለች ያችው ሴት። «እንኳን ደህና መጣሽ።»

ሳቁ። እማማ ዳቦዋን መልሰው ጠቀለሏት። ሁላችንንም ርቦን ነበር።

ያን ቀን የተቋረጠውን ትምህርቴን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የቀጠልኩት ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ዛሬ ለፍርድ ቤት እስረኞችን የምመረምር ሳይኮሎጂስት ነኝ፤ ኮሌጅም አስተምራለሁ። ከመጀመሪያ ጥያቄዎቼ አንዱ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» የሚል ነው።

እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ታስሮ ያገኘሁት አንድ ያገሬ ሰው ቀኑን በሦስት ቀን ሳተ። ከእኔ በፊት ያየው ባለሙያ «ጊዜን አያውቅም» ብሎ ጽፏል። እኔም ያንኑ ከደገምኩ ሰውየው ችሎት መቅረቡ ቀርቶ ወደ አእምሮ ሆስፒታል ይላካል።

«እንዴት ነው የሚቆጥሩት?» አልኩት።

«ላይቱን ኦፍ አያደርጉትም፣ ዶክተር። ቁርስ ሲመጣ ነው የምቆጥረው፤ አንዳንዱ ተኝቼ አልፎኝ ይሆናል።»

ቀኑን ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ ቆጠረ።

«እንግዲያው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ልጄ ትናንት ሰባት ዓመት ሞልቷታል።»

«ቀኑ ሲነገረው ስሌቱን ራሱ አስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ።

ስወጣ ያቺ ዳቦ ትዝ አለችኝ። በማርያም ዕለት ለአሥር ተካፈልናት። ደርቃ ስለነበር አፋችን ውስጥ እስክትርስ ጠበቅናት።