ጋሼ ሙሉጌታ መሬት ሲገዙ

የቅየሳ ሥራ የጀመርኩት ፍራንክሊንተን በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ቤት ጓሮ ነው። አለቃዬ ዴቭ የቅየሳ ቡድን መሪ ነበር። ሜታል ዲቴክተር አስያዘኝና "የወሰኑን ብረት ፈልግ" አለኝ። መሣሪያው ሲጮህ በደስታ ቆፈርኩ። የወጣው የዛገ ሹካ ነበር።

ዴቭ ከት ብሎ ሳቀ። "ጩኸቱን አትመን። መጀመሪያ የመሬቱን ሰነድ፣ ዲዱን አንብብ፣ ከዚያ ለካ፣ በመጨረሻ ቆፍር።"

በሦስተኛው ጉድጓድ ቢጫ የፕላስቲክ ቆብ ያለው ብረት ብቅ አለ። ውፍረቱ አውራ ጣት ቢያህል ነው። የሁለት ጎረቤቶችን መሬት የሚለየው እሱ ነው።

ከዚያ በፊት ዌርሃውስ ውስጥ ሳጥን ስደረድር ነበር። በቅየሳው የመለኪያ ዘንግ ያዥ ሆኜ ገባሁ፤ ቀጥሎ መሣሪያ አንባቢ፣ ኋላም የቡድን መሪ ሆንኩ። ፕላኑ ላይ የሚፈርመው ላይሰንስ ያለው ቀያሽ ነው። ጭቃው የእኛ ነው።

ከደንበኞቼ ሁሉ የማልረሳቸው ጋሼ ሙሉጌታን ነው። ጋሃና አጠገብ ካለው ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ፒከሪንግተን ላይ ቤት የሚሠሩበት ባዶ መሬት አገኙና ኮል አደረጉልኝ።

"ክሎዚንጉ አርብ ነው፤ ፈርሜ እረከባለሁ። ሻጩ መሬቱ ምንም ጣጣ የለበትም ብሎኛል። እስቲ አንተ እየው።"

አራቱንም ብረቶች አገኘን፤ ችካል ተክለን ሮዝ ሪባን አሰርንባቸው። ጉዱ የታየው ያኔ ነው። የጎረቤቲቱ የመኪና መግቢያ ዘጠኝ ጫማ ያህል ወደ ጋሼ መሬት ገብቷል። ቤታቸውን ሊያሳርፉ ያሰቡት ደግሞ እዚያው ላይ ነበር።

"ልፈርም እንጂ፣ በማግስቱ አጥሬ እዘጋዋለሁ!" አሉ።

"ትንሽ ይታገሡኝ ጋሼ። ሪከርዱን ልይ።"

የካውንቲውን መዝገብ አገላበጥኩ። ሁለቱም ቦታዎች ድሮ የአንድ ገበሬ ነበሩ። ሰውየው አንዱን ሲሸጥ ለገዢው በሌላው ላይ የመተላለፊያ መብት አስመዝግቦለታል። እዚህ ኢዝመንት ይሉታል። መሬቱ አሥር ጊዜ ቢሸጥ መብቱ አብሮት ይሄዳል።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ መኪናቸውን ተደግፈው ቀሩ። "ታዲያ እኔ ምኑን ነው የምገዛው?"

"መሬቱ የእርስዎ ነው፤ ለልጅ ልጅ ያወርሱታል። መንገዱን ግን መዝጋት አይችሉም።"

"የእኔ ሆኖ የማልዘጋው!"

ባለቤታቸው እትዬ ፀሐይም አብረዋቸው መጥተው ነበር። "ከጎረቤቷ ጋር አብረን የምንኖረው እኛ አይደለንም እንዴ? ኑ፣ እንተዋወቃት" አሉና ሄደው የጎረቤቲቱን በር አንኳኩ።

ቤቲ የምትባል ጡረተኛ ናት፤ ዕድሜዋን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች። ችካሎቻችንን በመስኮት ስታይ ውላለች። ሰላምታ ሳትሰጥ "መንገዴን ልትዘጉብኝ ነው?" አለች። "መኪናዬን የማስገባበት ሌላ የለኝም።"

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ በእንግሊዝኛ "አይዘጋም" አሏት፤ ቀጥለውም "በበረዶ አውቶቡስ እንዴት ትነጂ ነበር?" ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ሾፌሮች ማን ያቁማቸው! እኔና እትዬ ፀሐይ በረንዳው ላይ ቆመን ጠበቅናቸው።

ክሎዚንጉን በአንድ ሳምንት አስተላለፉት። እኔ ኢዝመንቱን ለክቼ ፕላኑ ላይ አስገባሁ፤ አርክቴክቱም ቤቱን ወደ ምሥራቅ ገፋው። በቂ ቦታ ነበረ። ጋሼ ሁሉንም እያወቁ ፈረሙ።

እዚህ ሣር በሚያድግበት በበጋው ደግሞ ጋሼ ደወሉልኝ። ከከተማው ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ ሣሩ ረዝሟል፣ ይታጨድ ይላል።

"አገር ቤት ሣር ሲያድግ ከብቱም ሰውም ደስ ይለዋል። እዚህ በገዛ ሣሬ ልከሰስ ነው?"

"ባለቤት ስለሆኑ ነው ጋሼ። የኪራይ ቤት ቢሆን ደብዳቤው ለአከራይዎ ነበር የሚደርሰው።"

ሳቁ። ቤቲ ተቀምጠው የሚነዱትን የሣር ማጨጃ አዋሰቻቸው። ስደርስ ኮፍያቸውን ደፍተው ከወሰን እስከ ወሰን ይመላለሳሉ። "ተሳፋሪ የለ፣ ትራፊክ የለ!" ብለው ጮኹልኝ።

ቅየሳ ለጀመራችሁት ለእናንተ የምለው ይህን ነው። ለደንበኛ ብረቱን አሳይታችሁ ብቻ አትሂዱ። በመሬቱ ላይ ማን ምን መብት እንዳለው ሳይፈርም ንገሩት። ከፈረመ በኋላ ብትነግሩት አይጠቅመውም።