ራቅ ብሎ መንዳት

ወደ ዱባይ ልሄድ ከቆቦ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኪሮስ ማሽላ ጭኖ ወደ ደሴ ይሄድ ስለነበር በአይሱዙው ሸኘኝ። ሮቢትን አልፈን ጎብዬ እስክንደርስ ከፊታችን ካለው አውቶቡስ ኋላ ተለጥፎ ጥሩምባውን ይነፋል። ደግ አባታችን ሁለታችንንም መንዳት ያስተማረን እንዲሁ ነበርና ምንም አልመሰለኝም።

ዱባይ ስደርስ የቆላ ሰው ነኝ ብዬ ሙቀቱን ንቄው ነበር። የቆቦ ሙቀት ሲመሽ ነፋስ ይመጣለታል፤ የዚህኛው ሲመሽም ከአስፋልቱ ይነሳል። መንጃ ፈቃድ ልፈተን ገባሁና ገና ከመነሳቴ ከፊቴ ላለው መኪና ጥሩምባ ነፋሁ።

«ለምን ነፋህ?» አለኝ ፈታኙ።

«መኖሬን እንዲያውቅ ነዋ።»

«መስተዋት አለው።»

«ባያይስ?»

«እሱ ባያይ ብለህ አይደል ራቅ የምትለው?»

ጣለኝና «ዲፌንሲቭ ድራይቪንግ» የሚሉት ሥልጠና ላከኝ። አስተማሪው አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበሩ። «ሌላው ይሳሳታል ብለህ ንዳ፤ ትክክል ስለሆንህ ብቻ አትተርፍም» ይሉ ነበር። የፈሪ ትምህርት መሰለኝ፤ ለፈተናው ስል ያዝሁት።

ፈተናውን አልፌ የሾፌርነት ሥራ ይዤ ከረምሁ። በቀደም ጧት ሲሚንቶ ጭኜ በበረሃው መንገድ ስሄድ ጉም ወረደ። ከፊቴ ካለው መኪና ራቅሁ። አንዲት ፒክአፕ ክፍተቱ ውስጥ ዘው አለች። እየተናደድሁ ለእሷም ራቅሁላት። ጥቂት እንደሄድን የፍሬን መብራቷ ቦግ አለ፤ ከፊት መኪኖች ተጋጭተው ኖሯል። ፍሬኔን ረገጥሁ። ስቆም በእኔና በእሷ መካከል ሰው ጎኑን አዙሮ ቢያልፍ ነው። ሾፌሩ ወረደ፤ የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ልጆች ነበሩት። ክፍተቷን አየ፣ እኔን አየ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

መንገዱ እስኪከፈት ስጠብቅ ለኪሮስ ደወልሁ።

«ጋሼ! ዋጃ ልገባ ነው» አለ፤ ሞተሩ ያጓራል።

«ከፊትህ ምን አለ?»

«ተሳቢ።»

«ራቅ በለው።»

«ብርቀው ባጃጅ ይገባበታል።»

«ይግባ።»

ሳቀ። «እዚያ አገር ፈሪ አደረጉህ መሰለኝ።»

በአንድ እጁ ስልክ ይዞ እየነዳ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ቶሎ ብዬ ዘጋሁት። «ስታቆም ደውልልኝ» ብዬ መልእክት ላክሁለት። ወዲያው ደግሞ፣ እየነዳ ቢያነበውስ?