በጫካ ውስጥ የተሳለምኩት ካብ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ ሰሞን ነው። ትዝ ሲለኝ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ እንባዬ ይመጣል። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ሰቆጣ ተወልጄ ሰቆጣ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ፈሪም ነኝ። ልጆቼ ከቤት ሲወጡ መታጠፊያው እስኪሰውራቸው ቆሜ አያለሁ፤ በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን እነካለሁ።

ትልቋ ልጄ ዝናሽ ስዊድን አግብታ ትኖራለች። ባሏ ካርታ ይዞ በጫካ የሚሮጥ ሰው ነው። ውድድሩ በየጫካው የተሰቀሉ ነጭና ብርቱካናማ ጨርቆችን በካርታ እየፈለጉ በተራ ማግኘት ነው፤ ሁሉንም አግኝቶ ቀድሞ የወጣ ያሸንፋል። ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ከቤታችን በላይ ባለው ተራራ ላይ ጨርቅ ሰቅሎ አጫወተን። እኔም ከወጣቶቹ እኩል አገኘሁ። «እኛ አገር የትልልቅ ሰዎች ውድድር አለ፣ መምጣት አለብዎት» አለኝ በዝናሽ አስተርጓሚነት። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላ የጥሪው ወረቀት መጣ።

ያን ጊዜ ዝናሽ አርግዛ ነበርና ለጎረቤት «ላርሳት ነው የምሄደው» አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ልሮጥ ነው ማለቱ አሳፈረኝ። ግን ጠዋት ጠዋት ሸራ ጫማ አድርጌ ዳገት ስወጣ ጎረቤቴ እትዬ ብርነሽ አየችኝ።

«አንቺ፣ አራስ ለመጠየቅ ይሄ ሁሉ ሩጫ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ልጁ እንደተወለደ ሮጦ ሊያመልጥሽ ነው እንዴ?»

ከወልድያ አልፌ የማላውቅ ሴት ባሕር ተሻግሬ ሄድኩ። በውድድሩ ዕለት ዝናሽ ገንፎ ካላበላሁሽ ብላ አበላችኝ። ሆዷ ገፍቷል፣ መውለጃዋ ተቃርቧል። መነሻው ላይ ጫማዬን ራሷ ልታስርልኝ ጎንበስ ስትል ከለከልኳት።

«እማ፣ ከጠፋሽ እንዳትንቀሳቀሺ። በቆምሽበት ቁሚ» አለችኝ።

ትንሽ ሳለች ገበያ ስንወርድ እኔ የምላት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ጨርቆች ሳልቸገር አገኘሁ። ከዚያ ጫካው ጥቅጥቅ እያለ ሄደ። ዛፉ ሁሉ ጥድ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። በመሀሉ ክብ የድንጋይ ካብ አየሁ። የድንጋይ ሽበት አብቅሏል፣ ትልልቅ ዛፎች ከበውታል። በእኛ አገር ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ክብ ካብ ተደርጎለት ከታየ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሌላው ዛፍማ ድሮ አልቋል። ጣራው ፈርሶ ቅጥሩ ብቻ የቀረ ደብር ነው ብዬ አመንኩ።

ካርታው ጨርቁ እዚያው ውስጥ ነው ይላል። እኔ ግን የተጠራጠርኩት ካርታውን እንጂ ካቡን አይደለም። ማን ነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጨዋታ ጨርቅ የሚሰቅል? ደግሞም ገንፎ በልቻለሁ፤ እህል ቀምሼ ቅጥር አልገባም። ስለዚህ ከውጭ ካቡን ተሳለምኩና ዝናሽን በሰላም እንዲገላግላት እየለመንኩ ሦስት ጊዜ ዞርኩት።

ዞሬ ስጨርስ በየት በኩል እንደመጣሁ ጠፋኝ። ካቡ ክብ ነው፣ ዛፉ አንድ ነው። ካርታውን ባዞረው ባዞረው ፊትና ኋላዬን መለየት አቃተኝ። ቢመሽብኝስ? ቋንቋ አላውቅ፣ ማንን እጠይቃለሁ? ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራኝ የዝናሽ ነገር ነው። ስዘገይባት ደንግጣ፣ በዚያ ሆዷ ልትፈልገኝ ጫካ ብትገባስ? ብትወድቅስ? አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ያኔ አንዲት ነጭ ፀጉር ያላት ቀጭን ሴት፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ሆና እየሮጠች መጣች። ካቡን ተሻግራ ልትገባ ስትል ብድግ ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

«ተይ እንጂ! እህል ሳትበዪ አልመጣሽም» አልኳት።

ቆማ አየችኝ። በቋንቋዋ አንድ ነገር አለች። ስደነግጥ የሚመጣልኝ የአገሬ ቋንቋ ኽምጣኛ ነውና በኽምጣኛ መለስኩላት፣ ቀጥሎ በአማርኛ። ለእሷ ሁለቱም ያው ነው። ካቡን አሳየኋትና አማተብኩ።

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሁለት ጣቶቿን እንደ ቀንድ ግንባሯ ላይ ቀስራ ካቡን እያየች፣ «እምቧ» አለች።

እጄን ይዛ አስገባችኝ። ጨርቁ መሀል ላይ ተሰቅሏል። ለካስ ያን ያህል የተሳለምኩት የጥንት የከብት በረት ኖሯል። እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ፣ እሷም ሳቀች።

መንገዱን በጣቷ ጠቁማኝ መሄድ ትችል ነበር። ሌሎች ሯጮች እያለፉን ነው። እነሱ የሄዱበትን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ የራሷን ካርታ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ክንዴን ይዛ በእኔ እርምጃ መራመድ ጀመረች። እስከ መጨረሻው አልለቀቀችኝም።

ዝናሽ መድረሻው ላይ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ባሏ ጫካ እንዳትገባ ትከሻዋን ይዟታል።

«የት ነበርሽ፣ እማ?»

«በረት ስሳለም» አልኳት።

እሷና ሴትዮዋ ሲነጋገሩ ቆዩ። ዝናሽ ዞር ብላ፣ «ለማሸነፍ የመጣች ሴት ናት» አለችኝ ቀስ ብላ። «በእሷ ዕድሜ እዚህ የሚቀድማት የለም ይላሉ። ዛሬ ግን መጨረሻ ሆናለች።» የእኔ ሩጫ ሰው ስለመራኝ አልተቆጠረልኝም፤ ያ ምንም አልመሰለኝም። የእሷ ግን ከበደኝ። የምሰጣት ባጣ ነጠላዬን አውልቄ አለበስኳት። በጭቃ ልብሷ ላይ አስተካክላ ለበሰችውና እንደኛ ሰው ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ።

ዝናሽ በሰላም ተገላገለች። አርሻት አገሬ ገባሁ። ሰቆጣ እንደደረስኩ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው።

«አባ፣ በረት ተሳልሜ መጣሁ፤ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?»

«ጌታ የተወለደው የት ሆነና ነው፣ ወለተ ማርያም?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ልቤ አርፏል። የሴትዮዋን ስም ዝናሽ ነግራኝ ነበር፤ አፌ ላይ አልቆም አለ። ስጸልይ ግን አልረሳትም። «ያችን እንደ ላም የጮኸችልኝን» እላለሁ፤ እሱ ያውቃታል።