ዳክዬዎቹ ያላወቁት መዝሙር

ኔሪዳ ሆስኪን በያራንጉል ሜዳ ዳር፣ ከሦስተኛው ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ሥር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መኪና የምታቆምበት ቦታ አላት። በወረቀት የሰፈረ ነገር የለም፤ ግን እዚያ ቦታ ላይ መኪናውን ያቆመ ሰው ቢገኝ ከተማው በሙሉ አብዷል ይለዋል። ክረምት በገባ ቁጥር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቢጫዋን ፒካፕ አፍንጫዋን ወደ ሜዳው አዙራ ታቆማለች፤ ሻይ ከፔርሙዝ ትቀዳለች፤ ከዚያ እጇን ክላክሱ ላይ ጣል አድርጋ ትጠብቃለች። ያራንጉል ውስጥ ለኳስ፣ በእጅም በእግርም ለሚጫወቱት ለሞላላው ኳስ፣ ማጨብጨብ የለም። ለጎል አንዴ ጠቅ ይደረጋል፤ ለድል ግን እጅ ከክላክስ አይነሳም።

ያ ረጅሙ ክላክስ ከተሰማ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ዳክዬዎቹ፣ የያራንጉል ቡድን ልጆች ማለት ነው፣ አርባ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈዋል። የጎረቤት ከተማ ደጋፊዎች ገና ከመኪናቸው ሳይወርዱ "ኳክ ኳክ" እያሉ ይመጣሉ፤ ሲመለሱም እንደዚያው።

ጥፋቱ ደግሞ የኔሪዳ ነው ይባላል። የዛሬ ሦስት ዓመት አዲሱ አሠልጣኝ ዋረን ፔል በክለቡ ኮሚቴ ፊት ቆሞ፣ "ጣሪያ በመቀያየር አሮጌ ቤት አዲስ አይሆንም፤ አፍርሰን ከመጀመሪያው እንጀምር። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ይውጣና ልጆቹን እናሳድጋቸው። ሦስት ዓመት ብቻ ስጡኝ" አለ። አራቱ ደገፉ፣ አራቱ ተቃወሙ። የቀረው የዘጠነኛዋ አባል፣ የኔሪዳ እጅ ነበር። ከሚወጡት መካከል አንዱ የራሷ ልጅ ትሬቨር ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጨዋታ የተጫወተ፣ እሑድ እሑድ እሷው ጉልበቱን በበረዶ የምታስርለት። ቡድኑ የጉልበት ሕመምተኞች ማኅበር ከሆነ ቆይቷል፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እጇን አወጣች።

ትሬቨር አልተጣላትም። ይመጣል፣ ሣሯን ያጭድላታል፣ የገናን ምሳ አብሯት ይበላል። ኳስ ግን በመካከላቸው አይነሳም። ኳስ በማይነሳበት ቤት ያራንጉል ውስጥ የሚወራው ስለ ዝናብ ብቻ ነው፤ እናትና ልጅ ስለ ዝናብ ሲያወሩ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ሜዳ ሲመጣም ሰማያዊ መኪናውን ከእሷ ፊት ለፊት፣ ወዲያ ማዶ፣ ከእንግዶቹ ደጋፊዎች ጎን ያቆማል። ክላክሱን ነክቶት አያውቅም።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ ከጎረቤቷ ከተማ ከኮርምቤ ጋር የሚደረገው፣ የሦስተኛው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ዛሬም ከተሸነፉ ሰኞ ኮሚቴው ዋረንን ያሰናብታል፤ ልጆቹም ወደየከተማው ይበተናሉ። ያኔ ኔሪዳ ልጇን ያስወጣችው ለምንም ነው ማለት ነው።

"ኔሪዳ፣ ዛሬ በስንት ነው የምንሸነፈው?" አላት ሥጋ ሻጩ ኬቭ፣ የሥጋ ፓይ እየገመጠ አንገቱን በመስኮቷ አስገብቶ።

"ሶሱን መቀመጫዬ ላይ እንዳታንጠባጥብ።"

"ኮርምቤዎች አዝነውልን ሁለተኛ ቡድናቸውን ቢያመጡ ምን አለበት ብዬ ነው።"

"ባለፈው ሳምንት በስንት ነው የተሸነፍነው?"

"በአሥራ አንድ ነጥብ።"

"አምና ይሄኔስ?"

ኬቭ ፓዩን ቀስ ብሎ አላመጠ። "በመቶ አርባ።"

"በል እንግዲህ ዝም ብለህ ብላ።"

ጨዋታው ተጀመረ፤ ልጆቹም አበዱ። ሌላ ቃል የለውም። ሞላላዋን ኳስ ከጭቃ ውስጥ እየመነተፉ፣ እየወደቁ፣ እየተነሱ፣ የኮርምቤን ጎረምሶች መውጫ መግቢያ አሳጧቸው። በሦስተኛው ሩብ ኔሪዳ ሻይዋን ጉልበቷ ላይ ደፍታ እንኳ አልታወቃትም። በመጨረሻው ሩብ፣ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ ውጤቱ ሰባ አንድ ለሰባ አንድ ሆነ።

ሰዓቱ ሊያበቃ ሲል ዴክላን ዘለለ። ዴክላን አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ኔሪዳ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ያመላለሰችው፣ የጫማ ክር አጥብቆ ማሰር እስከ ዛሬ ያልሆነለት ልጅ። አንዱን ግዙፍ ኮርምቤ ትከሻውን ረግጦ ኳሷን ከአየር ላይ ቀለባት። እንዲህ የቀለበ ሰው ማንም ሳይነካው ይመታል፤ ስለዚህ ወዲያው የጨዋታው ማብቂያ ሳይረን ቢጮህም የዴክላን ምት ገና ቀርቷል። ከሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መሃል ከገባች ስድስት ነጥብ፣ ከረጅሙና ከጎኑ ካለው አጭር ምሰሶ መሃል ካለፈች አንድ ነጥብ።

ልጁ ተንደረደረ፣ መታ። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ሄደችና ወደ ቀኝ ታጠፈች። ረጅሙን ምሰሶ በውጭ በኩል ታክካው አለፈች።

ዴክላን ጭንቅላቱን ይዞ ሣሩ ላይ ተደፋ። ጓደኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ኔሪዳም "ወይኔ" ብላ መሪው ላይ ተደገፈች። አርባ ሰባት ሽንፈት ያስተማራቸውን ነው ያደረጉት፤ አንዳቸውም ሰሌዳውን አላዩም። ከምሰሶዎቹ ሥር ያለው ዳኛ ግን አንድ ጣቱን አወጣና አንዲት ባንዲራ አውለበለበ።

"ኔሪዳ" አለ ኬቭ፣ ድምፁ ቀጥኖ። "ሰባ አንድና አንድ ስንት ነው?"

መልሱን በክላክስ ሰማው። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የከበቡት መኪናዎች ሁሉ አብረው ጮሁ፤ ውሾች ጮሁ፤ ሽማግሌ ከሽማግሌ ጋር ተቃቀፈ። ኬቭ የቀረውን ፓይ ወደ ሰማይ ወረወረው። ኔሪዳ እያለቀሰችና እየሳቀች ወደ ማዶ አየች፤ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ሰማያዊዋ መኪና ትጩህ አትጩህ ማን ይለየዋል።

ከዚያ ብዙው ሰው ወደ ልብስ መቀየሪያው በር ሮጠ። ሲያሸንፉ መዝሙራቸው ከውስጥ ይሰማል፤ ውጭ ያለው ደግሞ ይቀበላል። ቆሙ፣ ጠበቁ። ምንም የለም። በሩ ተከፈተና ዋረን ፔል ልጆቹ የደፉበት ውሃ እየተንጠባጠበበት ብቅ አለ።

"ኔሪዳ፣ ጉድ ሆነናል።"

"ምን ሆናችሁ?"

"መዝሙሩን የሚያውቅ የለም። አቅፌያቸው ቆሜያለሁ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ።"

እውነቱን ነው። ሳያሸንፉ መዘመር ገደ ቢስ ያደርጋል ስለሚባል ማንም አልተለማመደውም፤ ካሸነፉት የድሮ ተጫዋቾች ደግሞ ቡድኑ ውስጥ አንድም አልቀረም።

"ግድግዳው ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?"

ዋረን ጆሮው ቀላ። "ቀባሁት። ከመጀመሪያው እንጀምር ስል ግድግዳውንም ነጭ ቀባሁት። አንቺ ታውቂው የለ?"

ኔሪዳ መዝሙሩን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችው።

"ረሳሁት" አለች።

"ምን ነካሽ፣ አንቺ እኮ..." ብሎ ኬቭ ሲጀምር እግሩን ረገጠችው።

"ኬቭም ረስቶታል። የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ ጠብቁኝ።"

የቀረው ሕዝብ ኳስ እየተቀባበለ ሜዳውን ሞልቶታል፤ በመሃሉ እየተሹለከለከች ጭቃውን አቋርጣ ሄደች። ትሬቨር መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፤ መስኮቱ ወርዷል።

"አሸነፋችሁ" አላት።

"አሸነፍን። ልጆቹ ግን መዝሙሩን አያውቁትም።"

"አስተምሪያቸዋ።"

"ረሳሁት።"

"እማዬ፣ ባለፈው ገና ድስት ስታጥቢ ሙሉውን ዘምረሽዋል።"

"ድስት ሳጥብ ይመጣልኛል፤ ሌላ ጊዜ ይጠፋኛል።"

ትሬቨር ሳቁን ዋጥ አደረገ። "ያስወጣኝ እጅ ነው አሁን ግባ የሚለኝ?"

"ያው እጅ ነው። ያን ቀንም ልክ ነበርኩ፣ ዛሬም ልክ ነኝ። በመሃሉ ግን አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎኝ አልተኛሁም።" ጎንበስ ብላ በመስኮቱ አየችው። "ክላክስ አድርገሃል?"

"ሳላስበው እጄ አረፈበት" አለና በሩን ከፈተ።

እያነከሰ ገባ። ኔሪዳ በሩ ላይ ቀረች፤ ወደዚያ ክፍል ሴት ገብታ አታውቅም። ትሬቨር ዴክላንን በአንድ ክንዱ፣ ዋረንን በሌላው አቀፈና ጎርናና ድምፁን አነሳው፦

"ወንዙ ቢሞላ እንዋኛለን፣
ወንዙ ቢደርቅ እንራመዳለን፣
ያራንጉል፣ ክንፍሽን ዘርጊ!"

"ጭቃው ቢይዘን እንጠብቃለን!" ብላ ጮኸች ኔሪዳ ከበሩ ላይ። "ሦስተኛውን መስመር ዘለልከው!"

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። እሷም ያደረገችው ገብቷት አፏን በእጇ ያዘች።

ትሬቨር ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ እየሳቀ ክንዱን ከዴክላን ትከሻ ላይ አነሳና ቦታ ለቀቀላት።

"ትዝ አለሽ? በይ ግቢ። ከመጀመሪያው እንጀምረዋለን።"