ወንድሜ ያልጠጣው አረቄ

ባለፈው ሳምንት ቡሬ፣ አንድ ክሊኒክ በር ላይ ተራ ስጠብቅ፣ አንድ ጎልማሳ የደም ውጤቱን ይዞ ወጣና ጓደኛውን፣ «የጉበትህ ቁጥር ጨምሯል አሉኝ፤ አደራ፣ ለሰው እንዳታወራ» አለው። ልቤ ወደ ወንድሜ ሄደ።

ታላቄ አያ ሙሉቀን ዲያቆን ነበር፤ ቅስና እንዲቀበል ሽማግሌዎቹ ተስማምተውለት ነበር። እኔ ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በዚያ ክረምት መጨረሻ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ የሚወደው የበቆሎ እሸት እንኳ አስጠላው። ጭቃውን ተሻግረን፣ ከአስፋልቱ መኪና ይዘን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰድሁት። ሐኪሟ የደም ውጤቱን አይታ፣

«ጉበት ሲጎዳ ኢንዛይሙ ወደ ደም ይፈስሳል» አለችው። «የእርስዎ በጣም ጨምሯል። ይኸ ጉበትዎ መጎዳቱን ይነግረኛል፤ ምን እንደጎዳው ግን አይነግረኝም። መጠጥም፣ ቫይረስም፣ የባህል መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ሌላ ምርመራ ያስፈልግዎታል።»

ቤት ስንመለስ ግን «ጉበቱ ነው» አልሁ። ይህን ብቻ። በእኛ አገር ደግሞ ጉበት ከተባለ አረቄ ነው።

በመስከረም፣ በማርያም ማኅበር ላይ፣ አሳላፊው ጠላ እየቀዳ መጣና አያ ሙሉቀንን ዘሎ ለቀጣዩ ቀዳ።

«ለዲያቆኑስ?» አለ አንዱ።

«እሱ ድርሻውን በጓሮ ጨርሶ ነው የመጣ!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ቄሱ ብቻ አልሳቁም፤ አንገታቸውን ደፉ። ያ ከሳቁ ይብስ ነበር። ወንድሜ ወደ እኔ ተመለከተ። ሐኪሟ ያለችውን አብሮት የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። በታላላቆች ፊት መናገር አፍሬ ነው... እንዲህ እያልሁ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። እውነቱን ልጻፈው። ይጠጣ ይሆን ብዬ እኔም ጠርጥሬው ነበር። እንጀራዬን ቆርሼ ዝም አልሁ።

ባሕር ዳር የጉበት ቫይረስ ነው አሉን። ያን ጊዜ ቫይረስ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ኤድስን ነበር፤ ስለዚህ ያንንም ዋጥሁት። ቅስናው ቀረ። ጥር ላይ ቀበርነው።

ዘንድሮ የሰባት ዓመት ተዝካሩን ባወጣንበት ዕለት፣ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ እናቴ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ቅርቡ አንተ ነበርህ፤ እስቲ አትደብቀኝ። አረቄውን ማን ቤት ነበር የሚጠጣው? እኔን አንድ ቀን እንኳ ሸትቶኝ አያውቅም።»

«እሱ አልጠጣም፣ እማ» አልኋት። «በሽታ ነው የገደለው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልህ ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።