ከጀርባዬ የተሳለው ሱቅ

የልጅ ልጄ ምሕረትና ታንዲ የምትባል አንዲት የትምህርት ቤቷ ልጅ፣ ባልሠሩት ጥፋት በተማሪ ፊት «አጭበርባሪ» ተብለዋል። ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። የሆነው ባለፈው ዓመት፣ እዚህ ጆሃንስበርግ ብርዱ በጠናበት ወር ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ ፊደሉን ምሕረት አርማልኛለች። ነገሩን ግን እንዳየሁት ነው የጻፍኩት። እስከ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ትዝ ይለኛል።

ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ አለን። የአንድ መኖሪያ ቤት የፊት ክፍል ተከራይተን ነው የምንሠራው። ደንበኛ ውስጥ አይገባም፤ «ጎጎ» ብሎ ይጠራኛል፣ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ በብረቱ ፍርግርግ መሐል ባለችው መስኮት ገንዘብ ያቀብላል፣ ዕቃ ይቀበላል። እኔ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ፣ ለፍሪጁ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አድርጌ እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ምሕረት ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «እማማ፣ ሱቃችንን ህዋስ ላደርገው ነው» አለችኝ። መምህርቷ ስለ ሰውነት ህዋስ አስተምራ ስታበቃ፣ «የምታውቁትን የሥራ ቦታ ምረጡና ህዋስን በእሱ አስረዱ» ብላቸዋለች።

«ህዋስ ምንድነው?» አልኳት።

«ሰውም ዛፍም ከእሱ ነው የተሠራው። በጣም ትንሽ ነው፣ በዓይን አይታይም። ግን ውስጡ እንደዚህ ሱቅ ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው።»

ፍርግርጉ የህዋሱ ሽፋን ነው አለች፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ይመርጣል። መብራት ሲጠፋ የምናስነሳው ጄኔሬተር ማይቶኮንድሪያ ነው፤ ኃይል ይሰጣል። ዳቦውን ቦርቡረን ድንች ጥብስ ሞልተን ኮታ የምንሠራበት ጠረጴዛ ራይቦዞም ነው፤ እዚያ ይገጣጠማል። ጊዜው ያለፈበትንና የተበላሸውን የምንጥልበት በርሜልም ስም አለው፣ እሱን ረሳሁት።

«እኔስ?»

«አንቺ ኒውክሊየሱ ነሽ። አዛዥ።»

«ይኼንን ለአባትሽ ንገሪው!» ብያት ሳቅን።

ህዋስ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ነገረችኝ። የጡንቻ ህዋስ ብዙ ስለሚሠራ ብዙ ጄኔሬተር አለው። የዕፅዋት ህዋስ ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ ግድግዳ አለው። ቀይ የደም ህዋስ ደግሞ ሲያድግ ኒውክሊየሱን አውጥቶ ይጥላል፤ ያለ አዛዥ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ይሞታል። ይኼኛውን አልወደድኩትም።

ሱቁን ከመስኮቱ በኩል እንደሚታይ አድርጋ ሳለችው። እኔን ፊት ለፊት፣ ከነኩርፊያዬ ሣለችኝ።

ወረቀቱ ዜሮ አግኝቶ ተመለሰ። ምሕረት አላለቀሰችም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ታንዲ የምትባል ሌላ ክፍል የምትማር ልጅ ይኼንኑ ሱቅ ሥላ አምጥታለች አለችኝ። መምህርቷ ሁለቱን ተማሪ ፊት አቁማ «አንዳችሁ ከአንዳችሁ ገልብጣችኋል» ብላቸዋለች። ምሕረት ያችን ልጅ አውርታት አታውቅም። እኛ ሱቅ ሰው ሲሰርቅ ዝም አልልም፤ ሰው በሐሰት ሌባ ሲባልም ዝም አልልም። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

መምህርቷ ወጣት ናት፣ በአክብሮት አስቀመጠችኝ። በምሕረት አስተርጓሚነት አወራን።

«ሁለቱንም ሥዕል ታሳየኝ በያት።»

«እማማ፣ ቀስ በይ…»

«እንዳልኩሽ በያት!»

ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋችልኝ። እውነቷን ነው፣ ሱቁ የእኛ ነው። ፍርግርጉ፣ የኮታው ጠረጴዛ፣ ጄኔሬተሩ፣ ሳጥኑ። የታንዲ ዙሪያውን ወፍራም ግድግዳ ስላለው የዕፅዋት ህዋስ ነው። ኒውክሊየስ ያለችው ግን እኔን አይደለም። ከፍሪጁ ኋላ በር ሥላ፣ ከበሩ ወዲያ ትንሽ ክፍል አድርጋ፣ ኒውክሊየስ ብላ የጻፈችው እዚያ ላይ ነው። እኛ ጋ ከፍሪጁ ኋላ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ እኔን አየሁ። ከጀርባዬ ነበር የሣለችኝ። የሻሼ ቋጠሮ ማጅራቴ ላይ ይታያል። ሹራቤ ትከሻው ላይ ተቀዶ በመርፌ ቁልፍ የያዝኩት ሳይቀር አለ። ከኋላዬ ፍሪጅ ነው፣ ማን ያየዋል ብዬ ሳልሰፋው የተውኩት ነው።

ምሕረት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እማማ፣ ሹራብሽ ተቀዷል እንዴ?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩላት። ግን የመጣሁበትን አልረሳሁም። «ልጄ ከፊቴ ሥላለች፤ ይቺ ከኋላዬ። ከፊት ሥዕል ጀርባ አይገለበጥም። ታዲያ ማን ከማን ገለበጠ?» አልኩ። መምህርቷ ሥዕሎቹን ደጋግማ አየች። የሁለቱም ቤተሰብ ዓርብ ዕለት ይምጣና እንነጋገር አለች።

ቤት ገብቼ ልጄን፣ የምሕረትን አባት፣ ፍሪጁን አንሣልኝ አልኩት። «እማዬ፣ ለሥዕል ብለሽ?» እያለ አጉረመረመ። ሱቁን ከያዝን ወዲህ ያ ፍሪጅ ተነቅንቆ አያውቅም። ሲንሸራተት ሁለታችንም ጠጋ ብለን አየን። ግድግዳው ላይ ቀለሙ የተለየ፣ የበር ቁመትና ስፋት ያለው ልስን አለ። ልጄ በጣቱ አንኳኳው፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ዙሪያውን በባትሪ ፈተሸው። መርፌ የሚያሳልፍ ቀዳዳ እንኳ የለውም። ከዚያ ፍሪጁን ወደ ቦታው ገፋው።

ዓርብ ዕለት ታንዲ ከአያቷ ጋር መጣች። ቀጭን፣ ዓይኗን ከመሬት የማትነቅል ልጅ ናት። አያቷን በዙሉ «ሳውቦና» ብዬ ሰላም አልኳት። ቋንቋውን ከደንበኛ ስለለመድኩ ያለ አስተርጓሚ አወራን።

«ይቺ መንገድ ለመሻገር እጄን የምትይዝ ናት። አጭበረበረች ሲሉኝ ሳቄ ነው የመጣው» አለችኝ። ሱቃችን የት እንደሆነ ስነግራት ግን ሳቋ ጠፋ። ቤቱ የእነሱ ነበር። ታንዲ የተወለደችው ከፍሪጁ ኋላ ባለው ክፍል ነው። እናቷም የሞተችው እዚያው ነው። አያቲቱ በሩን አስደፍና ቤቱን ሸጠችው። ታንዲ ያኔ መሄድ እንኳ አልጀመረችም። ከዚያ ወዲህ ያን መንገድ ረግጠውት አያውቁም።

«ፍሪጁን አነሣነው፣ በሩን አየነው» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። «ማን አንሡ አላችሁ?»

ምሕረት ሁሉንም ለመምህርቷ አስረዳች። መምህርቷ እስክሪብቶዋን አነሣች። የሁለቱንም ዜሮ ሰርዛ ሙሉ ነጥባቸውን ሰጠች። እኔ አልበቃኝም። «የሰደብሻቸው በተማሪ ፊት ነው፤ ይቅርታውም እዚያው ይሁን» አልኳት። በነገር እልኸኛ ነኝ፣ ይታወቃል። ከመማሪያ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ይቅርታ ስትላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። ምሕረት ቀና አለች። ደስ አለኝ።

አሁን ሳጥኔን ጎን አዙሬ ነው የምቀመጠው፣ መስኮቱንም ፍሪጁንም እንዳይ። ልጄ ይስቅብኛል፤ ግን ሒሳብ ሲሠራ እሱም ጀርባውን ለፍሪጁ አይሰጥም። ክፉ ነገር አልደረሰብንም፣ ልጅቷንም አልፈራኋት። ብቻ ከዚያ ወዲህ ሱቁ የእኛ ብቻ ነው ብዬ ማሰብ አልቻልኩም።

ያን ዓርብ ሁሉም ተሰናብቶ ሲወጣ ታንዲን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ለብቻዋ አገኘኋት። ቁጣ አልነበረኝም፤ ማወቅ ነበር የፈለግኩት። «ልጄ፣ እኔን ከየት ሆነሽ ነው ያየሽኝ?» አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንድም ቀን ዞረው አላዩም እንጂ፣ ጎጎ፣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር» አለችኝ።