ጉልበት ሳሚዋ ልጄ

ልጄን «ጨዋ» የሚሏት ሰዎች አንጀቴን ያሳርሩኛል። አምስት ዓመቷ ነው። ፍኖተ ሰላም በተከራየንበት ግቢ እንግዳ ሲመጣ ጎንበስ ብላ ጉልበት ትስማለች፣ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ እስኪጠሯት ድረስ ቃል አይወጣትም። አከራያችን «ታድለሽ! እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል?» ይሉኛል። «የእርስዎ ልጆች እንዲህ ነበሩ እንዴ?» ስላቸው ይስቃሉ። የእሳቸው ልጆች የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲሯሯጡ ነው ያደጉት፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ምኑ ላይ ነው ጨዋነቱ? ልጅቷ እኮ ሌላ ልጅ አታውቅም! ድክ ድክ ማለት ከጀመረች ወዲህ ተኩሱ አለቀቀንም። አፀደ ሕፃናት ላስገባት ስል ተዘጋ። በግቢያችን ያለነው ትልልቆች ብቻ ነን። ከትልቅ ሰው ጋር መኖርን አሳምራ ተማረች፤ ከእኩያ ጋር መጣላትን፣ መታረቅን፣ «የኔ ነው፣ አምጪ!» ማለትን ከየት ታምጣው? እኔው ዓይኔን ጨፍኜ ኩኩሉ እላታለሁ። አትደበቅም። ዓይኔን ስገልጥ እዚያው ቆማ ታየኛለች።

መንገድ ተከፈተ ሲባል ይዣት ቡሬ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። እዚያ ግቢ ልጅ እንደ ጉድ ነው። እንደገባን የእህቴ ትንሹ ልጅ፣ እኩያዋ ነው፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ ኳሱን ታቅፎ ሊያያት መጣ። የኔዋ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመችው።

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እህቴም «ውይ የኔ ማር! ጨዋ እኮ ናት» አለች። ልጁ ደንግጦ ሸሸ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እህቴ ተከትላኝ መጥታ «ምን ሆንሽ? ዓይን አፋር ናት፣ ሲቆይ ይለቃታል» ብትለኝ ጮህኩባት።

«መቼ? ሠርጓ ሲደርስ? ይቺ ልጅ ያለ ጓደኛ ልታድግ ነው እኮ! ማንም አይገባውም እንዴ?»

እህቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ከሰነበትን በኋላ አንድ ረፋድ ላይ ልጆቹ ጓሮ እቃቃ ዘረጉ። ቆርኪው ሰሃን፣ ጭቃው ወጥ ሆነ። ልጄ እንደ ልማዷ ግድግዳ ተደግፋ ታያለች። የእህቴ ትልቋ ልጅ፣ ነፍስ ናት፣ «ነይ፣ አንቺ እናት ሁኚ» ብላ እጇን ያዘቻት። እኔ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ እርጥቡን እንደያዝኩ ቀረሁ። እመቤቴ ማርያም፣ ዛሬን ብቻ እሺ በይኝ አልኩ።

ሄደች። ጭቃውን አየት አድርጋ ተወችው። ድንገት ልጆቹን አንድ በአንድ እየጎተተች ግድግዳው ሥር ሰበሰበቻቸው። «በደረታችሁ ተኙ» አለች፤ ድምጿ ጎርነን ብሎ ቁርጥ የኔን። የትንሹን አፍ በመዳፏ ከደነችና «እሽሽ! እስኪያልፉ» አለችው።

ከእኩዮቿ ጋር ያወራችው የመጀመሪያ ወሬ ይኼ ነው። እልል ልበል? ሙሾ ላውርድ? ልጆቹ ሁሉ ትንፋሻቸውን ውጠው ተኝተዋል፤ ትንሹ እንኳ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። የሚያልፉት እነማን ናቸው ብሎ የጠየቃት አንድም ልጅ አልነበረም።